የኪስ ሰንጢ ምርጫ
ስለ ተጣጣፊው ስለት ታሪክ አንዳንድ አሳቦች

የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ኑሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት ወደ አንድ አገር በደረሱ ጊዜ አስቀድመው የሚሰበስቡት ጦሩን፣ ጋሻውን፣ ጎራዴውንና ጩቤውን ነው። በአውሮፓ ያሉትን ታላላቅ ቤተ መዘክሮች የጐበኘ ሰው ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ባለቤቱ በየቀኑ ዳቦ የቈረሰበት፣ ገመድ የቈረጠበት፣ ዱላ የላገበትና እሾኽ ከእግሩ ያወጣበት ትንሹ ስለት ግን ወይ ፈጽሞ አልተሰበሰበም፤ ወይም ‹‹ቢላዋ፤ አንድ›› ተብሎ በመዝገብ ከተጻፈ በኋላ በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎራዴ የጌታ ዕቃ ስለ ሆነ ታሪክ ይነገርለታል፤ የእረኛና የአናጢ ሰንጢ ግን ባለቤቱ እስኪሞት ድረስ ተስሎ ተስሎ ያልቅና ይጣላል።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ችግር የለበትም። ቢላዋ፣ ካራ፣ ጩቤ፣ ሾተል፣ ጎራዴ እያለ ስለቱን እንደ መጠኑና እንደ ሥራው ይለያል፤ በእጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን ደግሞ ሰንጢ ብሎ ለብቻው ጠርቶታል። እንግሊዞች ለዚሁ ዕቃ ‹‹የኪስ ቢላዋ›› የሚል ሁለት ቃል ሲያጋጥሙ እኛ በአንድ ቃል መገላገላችን መልካም ዕድል ነው። በዚህ ጽሑፍም ሰንጢ ስንል ተጣጣፊውንና ሰው ሁልጊዜ ይዞት የሚውለውን ማለታችን ነው።

ለማሳየት የምንሞክረው ሰንጢ መምረጥ የግል ጠባይና የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ሰው በኪሱ የሚይዘውን ስለት በመረጠ ጊዜ ሥራው፣ ልብሱ፣ የአገሩ ብረት ሠሪና የአገሩ ሕግ አብረውት ይመርጣሉ። ከእነዚህ ከአራቱ አነስተኛ ጥናት የተደረገበት ሕጉ ይመስለኛል፤ ስለዚህም በመጨረሻ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ስለ ልብስ እንነሣ። የሚታጠፍ ስለት አሳቡ እጅግ ጥንታዊ ነው። በኦስትሪያ በሃልሽታት ከተገኙት ጥንታዊ ዕቃዎች አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 እስከ 500 ዓመት ግድም እንደ ተሠራ የሚገመት፣ እጀታው ከአጥንት የሆነ ተጣጣፊ ቢላዋ ነው። ሮማውያንም ይሠሩት ነበር፤ በካምብሪጅ በፊትዝዊልያም ቤተ መዘክር የሚታየው በ3ኛው መቶ ዓመት ግድም የተሠራ የብር ዕቃ የብረት ስለት፣ ማንኪያና ሹካ በአንድነት ታጥፈው የሚገቡበት ነው። ይሁን እንጂ ይህ የባለጸጋ የጉዞ ዕቃ እንጂ የሕዝብ መሣሪያ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ባላገር ቢላዋውን በሰገባ አድርጎ በመታጠቂያው ላይ ያንጠለጥል ነበር። ሰንጢ በብዛት የተስፋፋው ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ነው፤ በዚያው ዘመን በወንዶች ሱሪና ኮት ላይ ኪስ መስፋት እየተለመደ መምጣቱን ልብ ማለት ይገባል። ሰገባ የሌለው ስለት በኪስ ቢገባ ልብሱንም ጭኑንም ይቀዳል፤ የሚታጠፍ ስለት ግን እጀታው ራሱ ሰገባ ይሆንለታል። ጋቢና ነጠላ ለብሶ፣ ዝናር ታጥቆ ለሚሄደው ለእኛ ደገኛ በሰገባ ያለ ቢላዋ ይበቃው ነበር፤ የሚታጠፈው ስለት ኪስ ላለው ልብስ የሚስማማ ዕቃ ነው።

ሰንጢን የሚመርጥ ሰው፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። የመጀመሪያው፣ ስለቱ ከተከፈተ በኋላ በምን ይቆማል? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከምን ዐይነት ብረት ተሠርቷል? ሦስተኛው፣ ምን ያህል ይረዝማል? የቀረው ሁሉ፣ የእጀታው ቀንድም ሆነ እንጨት፣ ጌጡም ሆነ ዋጋው፣ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ታሪክ የሰጠው መልስ ሦስት ዐይነት ነው። ጥንታዊው ስለት በምስማሩ ጥብቀት ብቻ ተይዞ የሚቆም ነው፤ ምስማሩ በላላ ቍጥር በመዶሻ መታ መታ ያደርጉታል። በላይኛው ኦስትሪያ በትራተንባኽ ሸለቆ ለዘመናት የተሠራው ርካሽ የባላገር ሰንጢ እንዲህ ያለ ነው። ሁለተኛው በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው የጀርባ ሞላ ነው። በእጀታው ጀርባ የተዘረጋ የብረት ሞላ የስለቱን ተረከዝ እየተጫነ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም በየቦታው ያሳርፈዋል፤ በጣት ሲገፉት ግን እሺ ብሎ ይታጠፋል። ሦስተኛው መቈለፊያ ያለው ነው። እንዲህ ያለው ስለት አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ቀለበቱን ካላዞሩለት ወይም ሞላውን ካላነሡለት አይታጠፍም። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሠራተኛው የጣት ጉዳይ ነው። ስለቱን በእንጨት ውስጥ ሰክቶ የጠመዘዘ ሰው ሰንጢው በድንገት ቢታጠፍበት ጠቋሚ ጣቱን ያጣል። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ሕጉ ለዚህ ለመቈለፊያ የሰጠውን ትርጓሜ ወደ ኋላ እናያለን።

ከሰንጢ ዘሮች መካከል አንዱ በአገራችንም የቅርብ ዘመድ አለው። እንግሊዞች ትንሹን የኪስ ሰንጢ እስከ ዛሬ ‹‹የብርዕ ቢላዋ›› ይሉታል። ስሙ የቀረው ሰው ሁሉ በዝይ ላባ ይጽፍ ከነበረበት ዘመን ነው። የላባው ጫፍ በጽሕፈት ስለሚደንዝ ጸሐፊው በየጊዜው ይቀርጸው ነበር፤ ብራና ላይ የተሳሳተውንም ፊደል በዚያው ስለት ይፍቀው ነበር። የእኛም ቁም ጸሐፊ የሚጽፈው በመቃ ብርዕ ስለ ሆነ ትንሽ ስለት ከቀለም ቀንዱ አጠገብ አይጠፋም፤ ብርዑን ይቀርጽበታል፣ ጫፉን ይሰነጥቅበታል፣ ስሕተቱን ይፍቅበታል። ልዩነቱ የእኛው ስለት የማይታጠፍ መሆኑ ነው። ጸሐፊው በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚሠራ ስለ ሆነ ስለቱን ማጠፍ አላስፈለገውም። የአውሮፓው ጸሐፊ ግን ከጊዜ በኋላ የመንግሥትና የንግድ ጸሐፊ ሆኖ ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወር ጀመር፤ ስለዚህም ስለቱ በኪስ የሚያዝ ሆነ።

አሁን ወደ ሁለት የፈረንሳይ ሰንጢዎች እንምጣ፤ የሁለቱም ታሪክ በሚገባ የታወቀ ስለ ሆነ ለጥናት ይመቻል።

የመጀመሪያው በደቡብ ፈረንሳይ በአቬይሮን አውራጃ፣ ኦብራክ በተባለው ቀዝቃዛ ከፍተኛ ሜዳ ላይ ከምትገኘው ከላጕዮል መንደር ስሙን ያገኘ ነው። ፒየር ዣን ካልሜል የተባለ ቢላዋ ሠሪ በ1829 እንደ ጀመረው ይነገራል። አገሩ የከብት አገር ነው። የበሬና የላም ሆድ እርጥብ ሣር በልቶ በተነፋ ጊዜ እረኛው ጐኑን ወግቶ አየሩን ካላስተነፈሰው ከብቱ ይሞታል፤ የእኛም ከብት አርቢ ይህን ችግር ያውቀዋል። ስለዚህ በ1840 ገደማ በሰንጢው ላይ ከስለቱ ሌላ ሹል መውጊያ ተጨመረበት። ያው መውጊያ ለጠፍርም ለቀበቶም ቀዳዳ ማበጃ ሆነ። በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የአውራጃው ሰዎች እንጀራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ እየፈለሱ በቡና ቤትና በመጠጥ ቤት ሥራ ገቡ፤ በ1880 ገደማም በዚያው ሰንጢ ላይ የጠርሙስ ቡሽ መንቀያ ተጨመረ። እንግዲህ ሰንጢውን አገላብጦ ለሚያነብ ሰው የአንድ ሕዝብ የመቶ ዓመት ኑሮ በላዩ ተጽፎበታል፤ ስለቱ የገበሬው፣ መውጊያው የእረኛው፣ ቡሽ መንቀያው የስደተኛው ነው።

በዚህ ሰንጢ እጀታ ራስ ላይ ንብ የምትመስል ትንሽ ቅርጽ አለች። ይህችን ንብ ቀዳማዊ ናፖሌዎን ስለ መንደሩ ሰዎች ጀግንነት እንደ ሰጣቸው የሚናገር ተረት አለ፤ ብዙ ነጋዴም ይህን ተረት ከሰንጢው ጋራ ይሸጣል። ነገሩ ግን አይሆንም። ናፖሌዎን ከዙፋኑ የወረደው ሰንጢው ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ቅርጿም በሰንጢው ላይ የተለመደችው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የሚያስደንቀው ተረቱ መፈጠሩ አይደለም፤ ሰንጢውን የፈጠረው የከብት ሆድ መነፋትና የመጠጥ ቤት ሥራ መሆኑ እየታወቀ ገዢው ንጉሠ ነገሥት የሚገባበትን ታሪክ መምረጡ ነው። የላጕዮል ስም ለብዙ ዘመን በሕግ ያልተጠበቀ ስለ ነበረ ሥራው ከመንደሩ ወጥቶ አብዛኛው ወደ ቲዬር ከተማ ሄደ፤ በኋላም ርካሹ ምስል በሩቅ ምሥራቅ ይሠራ ጀመር። በ1987 ብቻ ነው በመንደሩ እንደ ገና የሰንጢ ፋብሪካ የተቋቋመው።

ሁለተኛው ሰንጢ ከዚህ እጅግ ያነሰ ጌጥ ያለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ አደንቀዋለሁ። ዦዜፍ ኦፒኔል በሳቮዋ ተራራዎች፣ በሞሪዬን ሸለቆ፣ ከሴን ዣን ደ ሞሪዬን ከተማ አጠገብ በ1872 የተወለደ የብረት ሠሪ ልጅ ነበር። አባቱ ለገበሬው መጥረቢያና ማጭድ ይሠራ ነበር። ልጁ በ18 ዓመቱ፣ በ1890፣ ለወዳጆቹ አንድ የኪስ ሰንጢ አበጀ። እጀታው ተላግጦ የተሰነጠቀ አንድ እንጨት ነው፤ በስንጥቁ አፍ ዙሪያ ቆርቆሮ ይጠመጠምበታል፤ አንድ ምስማርና አንድ ስለት ይጨመርበታል። ሌላ ነገር የለውም። ሞላ የለው፣ ንብ የለው፣ ቡሽ መንቀያ የለው። ወጪው እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ ማንም ገበሬ ሊገዛው ቻለ። በ1897 ከ1 እስከ 12 ቍጥር የተሰጣቸው አሥራ ሁለት መጠኖች ወጡለት፤ ትንሹ በሕፃን መዳፍ የሚጠፋ ሲሆን የ12ኛው ስለት 12 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ከጊዜ በኋላ በ1930ዎቹ 1ኛውና 11ኛው ቍጥር ተሰረዙ። እስከ ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው 8ኛው ቍጥር ነው፤ ስለቱ 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው።

ይህ የቍጥር ተራ ሊናቅ አይገባውም። ቀድሞ ሰው ሰንጢ ሲሻ ወደ ብረት ሠሪው ሄዶ መዳፉን ያሳይና ያስለካ ነበር፤ ከ1897 በኋላ ግን ምርጫው በገዢው አፍ ውስጥ ገባ። ‹‹8 ቍጥር ስጠኝ›› ማለት በቃ። ከፈረንሳይ ወደ ኢጣሊያ በፍሬዡስ ዋሻ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ከ1871 ጀምሮ በዚያው ሸለቆ ይሄድ ስለ ነበረ ሰንጢው ከአገሩ ርቆ ለመሸጥ መንገድ ነበረው። በ1955 ደግሞ ማርሴል ኦፒኔል በእጀታው አፍ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ጨመረበት፤ ቀለበቱ ዞሮ የስለቱን ተረከዝ ሲዘጋው ስለቱ አይታጠፍም። በ2000 ቀለበቱ ሲዘጋም እንዲቈልፍ ሆኖ ተሻሻለ። እንግዲህ ይህ ሰንጢ ለ65 ዓመት በምስማር ጥብቀት ብቻ ሲያገለግል ኖሮ ነው መቈለፊያ ያገኘው፤ ለሠራተኛው ጣት ሲባል።

በዚሁ ሰንጢ ስለት ላይ ዘውድ የደፋች የእጅ ምልክት ተቀርጻለች። የፈረንሳይ ንጉሥ ሻርል 9ኛ በ1565 ቢላዋ ሠሪ ሁሉ በሥራው ላይ ምልክቱን እንዲያኖር አዝዞ ነበር፤ ኦፒኔልም ይህን ልማድ ተከትሎ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ምልክቱን መረጠ። ዘውዱ የሳቮዋን መስፍንነት ያመለክታል፤ እጇ ከሴን ዣን ደ ሞሪዬን ከተማ ዐርማ የተወሰደች ናት። ከተማው የመጥምቁ ዮሐንስን የጣት ዐፅም እጠብቃለሁ ይላል፤ ያመጣችውም ቅድስት ቴክላ እንደ ሆነች ያወራል። የባላገር ዳቦ መቍረሻ የመጥምቁን እጅ ተሸክሞ መዞሩ ለሃይማኖት ታሪክ ተማሪም የሚጠቅም ነገር ነው።

የምልክቱ ነገር ግን ወደ ሌላ ጉዳይ ይመራናል። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ የነበሩት ቢላዋ ሠሪዎች በ1624 በፓርላማ ሕግ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ማኅበሩ ለእያንዳንዱ ሠሪ ምልክት እየሰጠ ይመዘግብ፣ የሌላውን ምልክት የሰረቀውን ይቀጣ ነበር። በቲዬርም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ በዚያ አገር ሰንጢ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የሠሪውን ምልክት ነው፤ የሞተ ሠሪ ምልክት እንኳ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። በእኛ አገር ግን የቀጥቃጩ ስም በስለቱ ላይ ሲጻፍ አላየንም። ብረት ሠሪ በዘልማድ የተናቀና ቡዳ እየተባለ የተፈራ ነበር፤ በጐንደር አውራጃ ማረሻውንና ቢላዋውን ይሠሩ ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤል ይገኙባቸዋል፤ እነርሱም ከዚሁ ንቀትና ፍርሃት አላመለጡም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው እየሰደቡ ማዋረድን የሚከለክል አዋጅ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። ገዢው የሠሪውን እጅ እየፈለገ ስሙን ግን የሚሸሽ ከሆነ፣ ምልክት የሚያኖር ሠሪና ምልክት አይቶ የሚመርጥ ገዢ ከየት ይመጣል? የእኛ የብረት ሥራ ብልሃት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይጻፍ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደ ሆነ አምናለሁ፤ ቤተ መዘክሮቻችንም የሠሪውን ስም ሳይመዘግቡ ዕቃውን ብቻ ማስቀመጣቸው ያንኑ አሮጌ ንቀት ሳያውቁ መቀጠል ነው።

ስለ ብረቱ ብዙ አልናገርም፤ ጉዳዩ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ነውና። ጠቅላላው ነገር እንዲህ ነው። ድሮ የነበረው ከሰል የበዛበት ዓረብ ብረት በቀላሉ ይሳላል፤ ስለቱም ጥሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ይዝጋል፤ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ሲቈርጡበት ይጠቍራል። በ1913 በሼፊልድ ሃሪ ብሬርሊ ክሮሚየም የተጨመረበትን የማይዝግ ብረት ካገኘ በኋላ ለገበታ ቢላዋ ሁሉ ያው ተመረጠ። ለኪስ ሰንጢ ግን ክርክሩ እስካሁን አልተፈጸመም። በውጭ አገር በተማርሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው ሽማግሌ ገበሬዎችና አናጢዎች የጠቈረውን ስለት የሚመርጡት በግትርነት አልነበረም፤ ሜዳ ላይ በተገኘው ድንጋይ ሁለት ጊዜ ፈተግ አድርገው የሚስሉት እርሱን ስለ ሆነ ነው። ከተሜው ግን ሰንጢውን በሳምንት አንድ ጊዜ ብርቱካን ለመላጥ ያወጣዋል፤ መሳል አይችልም፤ ስለዚህ የማይዝገው ይሻለዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የሠራዊት ሰንጢ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ወታደሩ አይመርጠውም፤ ይመረጥለታል። የስዊስ ጦር ሠራዊት በ1889 አዲስ ጠመንጃ በተቀበለ ጊዜ ጠመንጃውን ለመፍታት ጠመዝማዥ መሣሪያ አስፈለገ፤ ከዚህም ጋራ የቆርቆሮ ምግብ መክፈቻ አስፈለገ። ስለዚህ ሁለቱንም ከስለቱ ጋራ የያዘ ሰንጢ ታዘዘ። የመጀመሪያዎቹ በጀርመን አገር በዞሊንገን ነበር የተሠሩት፤ በሽቪትስ አውራጃ በኢባኽ የቢላዋ መሥሪያ ቤት የነበረው ካርል ኤልዘነር ግን ሥራው ለአገር ሰው ይገባል ብሎ ተከራክሮ በ1891 ለሠራዊቱ ማስረከብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ ቀለል ያለውንና ብዙ መሣሪያ የያዘውን የመኰንን ሰንጢ አስመዘገበ። የሚያስገርመው፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀውን ይህንን የመኰንን ሰንጢ የስዊስ ሠራዊት ለወታደሩ የሚታደል መሣሪያ አላደረገውም፤ መኰንኖቹ በገንዘባቸው ይገዙት ነበር እንጂ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሕጉ እንመለስ።

መንግሥታት ስለ ስለት ሕግ ማውጣት የጀመሩት ትናንት አይደለም። በእስፓኝ በ18ኛው መቶ ዓመት ነገሥታቱ አጫጭርና በልብስ ውስጥ የሚሰወሩ ስለቶችን የሚከለክል ትእዛዝ ደጋግመው አወጡ። መደጋገሙ ራሱ ትእዛዙ አለመከበሩን ይመሰክራል። በዚያው ዘመን ናቫሃ የተባለው ረዥም ተጣጣፊ ሰንጢ የሕዝቡ መሣሪያ ሆኖ አልባሴቴን በመሰሉ ከተሞች ተስፋፋ፤ አንዳንዱም ሲከፈት ጥርስ ባለው ሞላ ላይ እየተንቋቋ የሚቈለፍ ነበር። ጎራዴ መታጠቅ ያልተፈቀደለት ድኻ የሚታጠፈውን ይዞ ሄደ። ዛሬም በ1993 የወጣው የእስፓኝ ደንብ ስለቱ ከ11 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠውን ናቫሃ ይከለክላል። እንግዲህ በዚያ አገር ሕጉ የሚለካው ርዝመትን ነው።

በእንግሊዝ አገር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1988 የወጣው የወንጀል ፍርድ ሕግ ማንም ሰው በቂ ምክንያት ከሌለው በአደባባይ ስለት ይዞ እንዳይገኝ ከለከለ፤ የስለቱ አፍ ከ3 ኢንች፣ ይኸውም ከ7 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ጥቂት ከፍ ካለው፣ የማይበልጠውን ተጣጣፊ የኪስ ሰንጢ ግን ለብቻው ፈቀደ። ሰንጢ የእንግሊዝ ባላገርና የተማሪ ልጅ ጥንታዊ ዕቃ ስለ ሆነ ሕግ አውጪው ሊነካው አልወደደም። ነገር ግን መቈለፊያ ያለው ሰንጢ ‹‹ተጣጣፊ›› ይባላል ወይስ አይባልም? የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ1993 ታትሞ በወጣው ፍርድ ላይ ዳኞቹ፣ ተጣጣፊ የሚባለው በማናቸውም ጊዜ ስለቱን በመግፋት ብቻ ሊታጠፍ የሚችለው ነው፤ ቍልፉ ካልተፈታ የማይታጠፈው እንደ ቋሚ ቢላዋ ይቈጠራል ብለው ወሰኑ። ውሳኔው በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። በሥራ ረገድ ግን ውጤቱ እንዲህ ሆነ፤ የሠራተኛውን ጣት ለመጠበቅ የተፈጠረው መቈለፊያ በአደባባይ ሲያዝ ጥርጣሬን የሚያመጣ ምልክት ሆነ። ማርሴል ኦፒኔል በ1955 የጨመረው ቀለበት አንድን የዳቦ መቍረሻ በእንግሊዝ አገር መንገድ ላይ ምክንያት የሚጠየቅበት ዕቃ አደረገው። የሰንጢ ሠሪዎችም ለእንግሊዝ ገበያ ከ3 ኢንች ያነሰና መቈለፊያ የሌለው ሰንጢ ማበጀት ያዙ፤ የ17ኛው መቶ ዓመት የጀርባ ሞላም በ20ኛው መቶ ዓመት ሕግ ምክንያት እንደ ገና ተፈላጊ ሆነ።

የጀርመን ሕግ ደግሞ ከርዝመትና ከመቈለፊያ ሌላ አሠራርን ተመለከተ። በ2008 በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቈለፈውን ሰንጢ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝን ከለከለ። በዚያው ዓመት የስዊስ ሠራዊት ለወታደሩ አዲስ ሰንጢ መረጠ፤ የተመረጠውም በአንድ እጅ የሚከፈትና ስለቱ የሚቈለፍ ነበር፤ ወታደር በአንድ እጁ ገመድ ይዞ በሌላው ሊከፍተው ይገባዋል ተብሎ። አንድ ዐይነት ሰንጢ በአንድ ድንበር ወዲህ የአገር መከላከያ ዕቃ ሲሆን፣ በዚያው ድንበር ወዲያ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ሆነ። ሕጎቹ ሰውን ከጥቃት ለመጠበቅ መውጣታቸውን አልክድም፤ በከተማ ውስጥ በስለት የሚፈሰው የወጣቶች ደም እውነት ነው። ሆኖም ሦስቱ አገሮች አደገኛውን ሰንጢ ለመለየት ሦስት ልዩ ልዩ መስፈሪያ መያዛቸው፣ አደጋው በዕቃው ቅርጽ ላይ ተጽፎ እንደማይገኝ የሚያስረዳ ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ይህ የታየው በጃፓን ነው። በ1876 የሜይጂ መንግሥት ሳሙራዮች ጎራዴ ታጥቀው እንዳይሄዱ አዋጅ አወጣ፤ በዚህም የጎራዴ ሠሪው ገበያ ጠፋ። ከ20 ዓመት ያህል በኋላ በሂዮጎ አውራጃ፣ የአናጢ መሣሪያ በመሥራት በታወቀችው በሚኪ ከተማ፣ ሂጎኖካሚ የተባለ የኪስ ሰንጢ ብቅ አለ። ትርጓሜው ‹‹የሂጎ ገዥ›› ማለት ሲሆን ሂጎ በኪዩሹ ደሴት የዛሬው ኩማሞቶ ነው። የመስፍን ማዕርግ ለርካሽ ሰንጢ መሰጠቱ ፈገግ ያሰኛል። አሠራሩ ግን ቁም ነገር ነው፤ እጀታው የታጠፈ አንድ የቆርቆሮ ወረቀት፣ ስለቱ በለስላሳ ብረት መካከል የተሰካ ጠንካራ ብረት፣ አንድ ምስማር። ከስለቱ ተረከዝ ወደ ኋላ የወጣች ትንሽ ምላስ አለች፤ አውራ ጣት እርሷን ሲጫን ስለቱ ይከፈታል፤ እየቈረጡ በተጫኗት ጊዜም ስለቱ ሊታጠፍ አይችልም። መቈለፊያው የባለቤቱ አውራ ጣት ነው ማለት ነው። በጃፓን የነበረ ተማሪ ሁሉ እርሳሱን የሚቀርጸው በዚህ ነበር።

በጥቅምት 12 ቀን 1960 የጃፓን ሶሻሊስት ፓርቲ መሪ የነበሩት ኢኔጂሮ አሳኑማ በቶኪዮ በአደባባይ ንግግር ሲያደርጉ የ17 ዓመት ወጣት ገደላቸው። ገዳዩ የያዘው አጭር ጎራዴ ነበር፤ ሰንጢ አልነበረም። ነገር ግን ገዳዩ ልጅ በመሆኑ ‹‹ለልጆች ስለት አንስጥ›› የሚል ንቅናቄ በመላው አገር ተነሣ፤ ከተማሪው ኪስም የወጣው ጎራዴው ሳይሆን ሂጎኖካሚው ነው። የእርሳስ መቅረጫ መኪና በየትምህርት ቤቱ ተተካ። በሚኪ የነበሩት ብዙ መሥሪያ ቤቶችም አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ዛሬ በዚህ ስም ለመሥራት የተመዘገበ መብት ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። የጃፓን ሕግ ስለቱ ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠውን ያለ በቂ ምክንያት መያዝን ይከለክላል፤ ለተጣጣፊው ግን፣ መቈለፊያ ከሌለውና ከ8 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ጥቂት ሰፋ ያለ መንገድ ይሰጠዋል። እዚህም መቈለፊያው እንደ እንግሊዝ አገር ተጠርጣሪ ነው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ግን በናጋኖ አውራጃ የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአዲስ ገቢ ሕፃናት ሁሉ ሂጎኖካሚ ያድላል። ልጆቹ እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በእርሱ ነው፤ ጣታቸውን ቢቈርጡት መምህራቸው ጠቅልላ ወደ ትምህርታቸው ትመልሳቸዋለች። ስለቱ ሲደንዝም የሚስሉት ራሳቸው ናቸው።